የኅብረት መብራት እንዲጸና ሒሳቡ ይቅደም

ማናቸውም የማኅበር ሥራ የሚጸናው በበጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን በተጣራ ሒሳብ ጭምር ነው። ወንጌል ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው የሚሰጠው ትምህርት ከነፋስ፤ ከውሃና ከፀሐይ ኤሌክትሪክ በኅብረት ለማውጣት ለሚነሡ መንደሮችም የተገባ ነው። ነፋስና ፀሐይ ዋጋ አይጠየቅባቸውም፤ ነገር ግን መኪናው፤ ሽቦውና ባትሪው በገንዘብ ይገዛሉ፤ ደግሞም ያረጃሉ።

በዴንማርክ አገር ከኮፐንሀገን ከተማ ፊት ለፊት፤ ሚድልግሩንደን በተባለው የባሕር ስፍራ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓመት 20 የነፋስ መኪናዎች ተተከሉ፤ ጠቅላላ ኀይላቸውም 40 ሜጋ ዋት ነበር። ዐሥሩ የከተማው የኤሌክትሪክ ድርጅት፤ ዐሥሩም የሕዝብ ማኅበር ሀብት ሆኑ። ማኅበሩ ድርሻውን በ40,500 አክሲዮን ከፍሎ እያንዳንዱን በ4,250 ክሮነር ቢሸጥ፤ ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎች ገዙት። አክሲዮኑ በመጠኑ ትንሽ ስለ ሆነ ባለ መካከለኛ ኑሮውም ተካፋይ ለመሆን ቻለ፤ ሥራ ዐዋቂ ድርጅትም ባልንጀራ ሆነለት። የነፋስ ኤሌክትሪክ የሚሸጥበት ዋጋ በሕግ ተወስኖ ስለ ነበረ፤ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚያገኘውን ለመገመት ቻለ።

ሁለተኛው ምሳሌ የስኮትላንድ ደሴት ኤግ ነው። በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ከ100 እምብዛም አይበልጡም፤ ደሴቲቱንም ከረዳቶቻቸው ጋር በማኅበር ሆነው በ1997 ገዝተዋታል። አስቀድሞ በየቤቱ የነዳጅ ሞተር ይጮኽ ነበር። በ2008 ግን ከውሃ፤ ከነፋስና ከፀሐይ የሚወጣ የራሳቸውን መብራት ሌሊትና ቀን ማግኘት ጀመሩ። ለሥራው ከወጣው 1.6 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ገንዘብ የሚበዛው በርዳታ የተገኘ ነው፤ የዕለት ተዕለቱን ወጪና ጥገናውን የሚሸከመው ግን ተጠቃሚው የሚከፍለው ሒሳብ ነው። አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ዋት፤ የንግድ ቤትም ከ10 ኪሎ ዋት በላይ እንዳይወስድ ተከልክሏል፤ ደንቡን የተላለፈ መብራቱ ይቋረጥበታል። ለሁሉ እኩል የሆነው ይህ ደንብ ታላቅ ሞተር ከመግዛት አድኗቸዋል።

ከሁለቱ አገሮች የሚወሰደው ምክር ግልጽ ነው። ርዳታ ለመትከያ ይሆናል እንጂ ለዘወትር መኖሪያ አይሆንም። የመብራቱ ዋጋ የሠራተኛውን ደመወዝና የጥገናውን ወጪ ብቻ ሳይሆን፤ ባትሪው ባረጀ ጊዜ ሌላ የሚገዛበትን ተቀማጭ ጭምር ማስገኘት አለበት። ይህ ካልታሰበ በእልልታ የተመረቀው መብራት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይጠፋል፤ ባለ ቤቱም ወደ ፋኖሱ ይመለሳል፤ ሕዝቡም ዳግመኛ ለማኅበር ሥራ ገንዘብ ለማዋጣት እምነት ያጣል። የገንዘቡን ጉዳት መተካት ይቻል ይሆናል፤ የእምነቱን መጥፋት መጠገን ግን እጅግ ይከብዳል።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በእድር ወር በወር ያዋጣል፤ በዕቁብ ተራውን ይጠብቃል፤ ዳኛና ጸሐፊ መርጦም ሒሳብ ይቀበላል። በ2003 ዓመተ ምሕረት የተጀመረው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በተሠራበት ዘመንም ቦንድ ገዝቷል። ነገር ግን ቦንድ ብድር ነው፤ አክሲዮን ግን ትርፍንም ኪሳራንም መካፈል ነው፤ ይህ ልዩነት ሳይገለጥለት ከማንም ገንዘብ መቀበል አይገባም።

እንግዲህ ሹማምንት የመሸጫውን ዋጋና የማኅበሩን መብት በደንብ ቢያጸኑ፤ ካህናትም በሕዝብ ዘንድ ባላቸው መታመን የሒሳቡ መዝገብ በየጊዜው በጉባኤ ፊት እንዲነበብ ቢያሳስቡ፤ መንደሩ ያበራውን መብራት ለልጆቹ ለማውረስ ይችላል።