የኮንትሮባንድ ዘበኛ የጠረገው መንገድ ባልንጀራ ማፍሪያ ሆነ

በእንግሊዝ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል የባሕሩን ጠርዝ ተከትሎ የሚሄድ አንድ የእግር መንገድ አለ። መነሻው በሶመርሴት ግዛት ማይንሄድ የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ስትሆን፣ ዴቮንንና ኮርንዎልን ዞሮ በዶርሴት ግዛት በፑል ወደብ አፍ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 630 ማይል ወይም 1,014 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ በዚህ መንገድ ድንኳናቸውንና ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው የሚጓዙ ሰዎች ከልዩ ልዩ አገር እየመጡ ይገናኛሉ፤ ሲነሡ ባዕድ የነበሩት ሲለያዩ ወዳጆች ይሆናሉ። ነገር ግን መንገዱ በመጀመሪያ የተጠረገው ለጥበቃና ለጥርጣሬ ስለ ነበረ፣ ታሪኩ ለአስተዳዳሪም ሆነ ለነጋዴ የሚነግረው ቁም ነገር አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ከውጭ በሚገባው ሻይ፣ አረቄና ትንባሆ ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ነበር። የኮርንዎልና የዴቮን ዳርቻ ደግሞ ከፈረንሳይ ጠረፍ ማዶ ያለ፣ በትንንሽ ሰላጤና በዋሻ የተሞላ ስለ ሆነ ለስውር ንግድ የተመቸ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ዕቃውን በሌሊት በጀልባ አምጥቶ ከዋሻ ይሸሽጋል፤ ጎረቤቱም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በ1784 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት የሻይን ቀረጥ ከመቶ 119 ወደ ከመቶ 12 ተኩል ባወረዱት ጊዜ፣ ሻይን በስውር የማስገባት ትርፍ ጠፋና ያ ንግድ ደከመ። ዘበኛ ያልቻለውን የቀረጡ ልክ ቻለው።

በአረቄና በትንባሆ በኩል ግን ኮንትሮባንዱ ስለ ቀጠለ፣ በ1822 ዓ.ም. የባሕር ጠረፍ ዘብ የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። ዘበኛው ሌሊትና ቀን በእግሩ እየተመላለሰ እያንዳንዱን ሰላጤ ከላይ ወደ ታች ማየት ነበረበት። መንገዱ ዛሬም ከገደሉ አፋፍ የማይርቀው፣ አቋራጭም የማያውቀው ስለዚህ ነው። ወደ እያንዳንዱ ወንዝ አፍ ይወርድና እንደ ገና ወደ አፋፉ ይወጣል፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያለው ዳገት ሁሉ ቢደመር 35,000 ሜትር፣ ማለትም የኤቨረስትን ተራራ ቁመት አራት እጥፍ ያህላል። ዘበኞቹ በአገሬው ሰው ዘንድ የተጠሉ ስለ ነበሩ ከመንደሩ ተለይተው በተሠሩላቸው ቤቶች ይኖሩ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ጠባቂ፣ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ዛሬ ግን በዚያው አፋፍ ላይ የሚገናኙት መንገደኞች ሌላ ዓይነት ናቸው። መንገዱን በሙሉ ለመጨረስ የሚነሣ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ብቻቸውን ይጀምሩና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ባልንጀራ ያገኛሉ። ባልንጀራ የሚያስገኘውም ከሁሉ ይልቅ መጠበቅ ነው። ከፓድስቶ ወደ ሮክ የሚያሻግረውን ጀልባ የሚጠብቁ ሰዎች፣ ምንም ዝምተኞች ቢሆኑ፣ ከየት እንደ መጡና ወዴት እንደሚሄዱ ሳይጠያየቁ አይቀሩም። በዴቮን ያለው የኤርም ወንዝ አፍ ደግሞ ጀልባም ድልድይም የለውም። ባሕሩ ፈጽሞ በሚጎድልበት ሰዓት፣ ከዚያ በፊትና በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ፣ በእግር ይሻገሩታል። ሰዓቱ ያለፈበት ሰው ወይም ረጅሙን ዙሪያ ይሄዳል፣ ወይም ባሕሩ እስኪጎድል ይቀመጣል። በዚያ ዳርቻ አብረው የቆዩ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ጓዛቸውን ከፍ አድርገው፣ ደካማውን ደግፈው አብረው ይሻገራሉ።

ከዚያ በኋላ ባልንጀርነቱ የራሱ ሥርዓት አለው። ፈጣኑ ዘገምተኛውን በየዳገቱ አይጠብቀውም፤ ቀን እንደየአቅማቸው ይሄዱና ማታ በአንድ መንደር ይገናኛሉ። ቀድሞ የደረሰው ማደሪያ ይጠይቃል፣ ዳቦ ይገዛል። ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረውን ፓስቲ የተባለውን የኮርንዎል ምግብ ይካፈላሉ፤ ይህ ቀድሞ የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓድ ይዘውት የሚወርዱት ስንቅ ነበር። ድንኳን ለመትከልም የባለ መሬቱን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ባልንጀራ ለጨዋታ ብቻ አይፈለግም። አፋፉ ይናዳል፤ ዝናብ የመታው ሣር ያንሸራትታል፤ ከገደል ሥር ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው። ብቻውን የወደቀ ሰው የሚጮኽለት የለውም፤ ሁለተኛ ሰው ካለ ግን ወደ ከፍታ ወጥቶ በ999 ቁጥር ይደውላል። በዚያ ጊዜ የሚመጣው ረዳት ማን ነው? ያው የባሕር ጠረፍ ዘብ ነው። ሰውን ለመያዝ የተቋቋመው ድርጅት ዛሬ ዋና ሥራው ሰውን ማዳን ሆኗል።

ይህ ለውጥ በራሱ ጊዜ የመጣ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ፓርላማው ስለ ብሔራዊ ፓርኮችና ወደ ገጠር ስለ መግባት መብት ሕግ አወጣ። ከዚያም መንገዱ በየክፍሉ እየተከፈተ፣ የኮርንዎሉ በ1973፣ የመጨረሻው ክፍል በ1978 ዓ.ም. ለሕዝብ ተሰጠ። በ1965 ዓ.ም. ናሽናል ትረስት የተባለው ማኅበር ዳርቻውን ከግንባታ ለማዳን ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰበ መሬት መግዛት ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ፣ ባሕሩ አፋፉን ሲበላው መንገዱ ወደ ውስጥ ፈቀቅ እንዲል የሚያስችል ደንብ አለው። ገደሉ ቢናድም የመሄድ መብቱ አብሮ አይናድም።

ለነጋዴውም ጥቅሙ ግልጽ ነው። እግረኛ በአንድ ቀን የሚገዛው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በየመንደሩ ይበላል፣ ያድራል፣ ጀልባ ይሳፈራል። በአውቶሞቢል የሚያልፈው ሰው የማያያት ትንሽ መንደር ከእግረኛው ትጠቀማለች። ጀልባው በቀረበት ቦታ ግን እግረኛውም ይቀራል፤ አንዳንዶቹ ጀልባዎች በበጋ ወራት ብቻ ስለሚሠሩ፣ በክረምት ንግዱም ሰውም ይቀንሳል።

ዓረቦች «ከመንገድ በፊት ባልንጀራ» ይላሉ። የዚህ መንገድ ታሪክ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ይኸውም ባልንጀሮቹ የሚገናኙት መንገዱ ክፍት ሲሆን፣ ጀልባውም በሰዓቱ ሲመጣ መሆኑን ነው። የባሕር ጠረፍ ያለው አገር ዳርቻውን መጠበቅ ግዴታው ነው። የሚጠብቀውን ያህል ሰው በሰላም እንዲሄድበት ካደረገ ግን፣ ከቀረጥ የማይገኝ ሌላ ትርፍ ያገኝበታል።