ንጉሠ ነገሥቱም ካርል፣ የኛውም ካርል

ዙሪክ ውስጥ በገና ሰሞን ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው «ሲሲ» የሚባለውን የድሮ ፊልም ሳያይ አያልፍም። የጀርመንኛ ጣቢያዎች በየዓመቱ ይደጋግሙታል። አንድ ገና፣ በተማሪነቴ ዘመን ክፍል ያከራዩኝ የነበሩትን አሮጊት ልጠይቅ ሄጄ አብረን ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን። ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍ በነጭ የወታደር ልብሱ ብቅ ሲል ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ወይ ቁንጅና!» አሉ። እኔም «ይሄን ሰውዬ እኮ አውቀዋለሁ፣ የአገሬ ሰው ነው» አልኳቸው። የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ።

አልቀለድኩም። ያደግኩት ሰሜን ሸዋ፣ መርሐቤቴ ውስጥ ዓለም ከተማ ነው። ታናሽ እህቴ የተወለደችው እዚያው እናት ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉን ያሠራው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ የድርጅቱ መሥራች ደግሞ ያ ነጭ ለባሹ ንጉሠ ነገሥት፣ ካርልሄንዝ ቦም ነው። እናቴ ዛሬም ስታነሳው «ካርል» ብላ ነው፣ እንደ ጎረቤት ልጅ። አንቱ ማለት የሚገባቸው ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ግን እኔም እንደ እናቴ አንተ ልበለው።

ካርል የተወለደው እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1928 ጀርመን ውስጥ ዳርምሽታት ነው። አባቱ ዝነኛው የኦርኬስትራ መሪ ካርል ቦም፣ እናቱ የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ። አባትየው በናዚ ዘመን መጀመሪያ የድሬስደንን፣ ኋላም የቪየናን ኦፔራ መርቷል። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ልጁ ግን ጦርነቱ በጀመረበት በ1939፣ በ11 ዓመቱ፣ ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገረ። የተሻገረው ሳንባውን ታሟል በሚል ሐሰተኛ የሐኪም ወረቀት ነው። ስዊዘርላንድ ለምንኖር ሐበሾች «ወረቀት» የሚለው ቃል ምን እንደሚመዝን ማስረዳት አያስፈልገኝም መቼም። ከዙሪክ በባቡር ተራራ ለተራራ እየተጠማዘዙ የሚደረስበት ሱዎትስ የሚባል መንደር ውስጥ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባና ጦርነቱን እዚያ አሳለፈው።

እኩዮቹስ? በ1928 ከተወለዱት የጀርመን ልጆች ብዙዎቹ ገና ተማሪ ሳሉ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ላይ ተመድበዋል። በዚያው ዓመት በርሊን የተወለደው ሌላው የፊልም ተዋናይ ሃርዲ ክሩገር በጦርነቱ ማብቂያ ላይ በኤስ ኤስ ክፍለ ጦር ግንባር ተልኳል። ካርል ያደገባት ድሬስደን በየካቲት 1945 በቦምብ ስትነድ እሱ በረዶ የሸፈነው ተራራ ላይ ትምህርቱን ይማር ነበር። ወንድሙ ጫካ ወይም ግንባር እያለ ጄኔቫ ቢሮ ውስጥ ቡና የሚጠጣ ሰው ይሄ ስሜት ሳይገባው አይቀርም።

የፊልም ሕይወቱን በአጭሩ ልለፈው። ከ1955 እስከ 1957 ከሮሚ ሽናይደር ጋር የሠራቸው ሦስቱ የ«ሲሲ» ፊልሞች ስሙን በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም አናኙት፤ እዚያው ነጭ ልብስ ውስጥም አሰሩት። ሊያመልጥ ሞከረ። በ1960 እንግሊዝ ውስጥ በማይክል ፓወል «ፒፒንግ ቶም» ላይ፣ አባቱ በልጅነቱ በካሜራ እየቀረጸ ያሠቃየውን ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ተጫወተ። ሃያሲዎቹ ፊልሙን አብጠለጠሉት፣ ዛሬ ግን ከታላላቆቹ ይቆጠራል። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራው እሱ ነው። በታላቅ አባት ጥላ ሥር ያደገ ልጅ እንዴት እንደሚያይ ከፊቱ ይነበባል። በ1970ዎቹ ከፋስቢንደር ጋርም ሠርቷል።

ከዚያ ሳንባው እንደገና ታሪክ ሠራ፤ አሁን ግን የእውነት ታሞ። ብሮንካይትስ ይዞት ለማገገም ኬንያ ሄደ። ቅንጡ ሆቴል ውስጥ ተኝቶ ሳለ አንዱን የሆቴል ሠራተኛ የት እንደሚኖር ጠየቀውና አብሮት ሄዶ ጎጆውን አየ። ያየው ነገር ከጭንቅላቱ አልወጣ አለ።

ግንቦት 16 ቀን 1981 «ቬተን ዳስ» በተባለው የቴሌቪዥን ውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርቦ እንዲህ ሲል ተወራረደ፦ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ በሳህል ለተራቡት አንድ ማርክ፣ አንድ የስዊዝ ፍራንክ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሽልንግ አይሰጥም። ውርርዱን አሸነፈ፤ ሲሶው አልሰጠም። የሰጠው ሕዝብ ያዋጣው ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። እሱም በጥቅምት ገንዘቡን ይዞ ኢትዮጵያ ገባ። ኦጋዴን ጦርነት ያፈናቀላቸውን ሰዎች ባቢሌ መጠለያ አገኛቸው። በኅዳር ድርጅቱን አቋቋመ፣ በኤረር ሸለቆም ከተፈናቃዮቹ ጋር መንደር መሥራት ተጀመረ።

እዚህ ላይ ተማሪ ሳለን የምንከራከርበት ነገር አለ። ካርል የሠራው በደርግ ጊዜ፣ ከደርግ ባለሥልጣናት ጋር እየተጨባበጠ ነው። እውነት ነው። እኔም አንድ ወቅት በዚህ አጥብቄ ወቅሼዋለሁ። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ባቢሌ የነበሩት ሰዎች መንግሥት እስኪለወጥ አሥር ዓመት ይጠብቁ ነበር?

ሌላ ቅሬታም አለኝ፣ ይሄኛውን ገና አልተውኩትም። አውሮፓ ውስጥ ታሪኩ ሲነገር አንድ ነጭ ሽማግሌና በልጆች የተከበበ ፎቶ ብቻ ነው የሚታየው። ጉድጓዱን የቆፈሩት፣ ክትባቱን የወጉት፣ ችግኙን ያፈሉት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ፎቶው ውስጥ የሉም። በ1991 ያገባት አልማዝ ተሾመ እንኳ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ መሆኗ ተረስቶ «የተዋናዩ ሚስት» ትባላለች። ኋላ ድርጅቱን የመራችው እሷ ናት።

ካርል የሚያንቀሳቅሰው ርኅራኄ ሳይሆን ቁጣ እንደሆነ ደጋግሞ ይናገር ነበር። እኔ በምሠራበት በጄኔቫው የእርዳታ ዓለም ቁጣ የሚሞላበት ፎርም የለም። በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጠው። በ2007 ደግሞ መቀመጫው ዙሪክና ሚላኖ የሆነው የባልዛን ተቋም የአንድ ሚሊዮን ፍራንክ ሽልማቱን ሰጠው። በግንቦት 2014 ዛልስቡርግ አጠገብ፣ በ86 ዓመቱ አረፈ።

ከ2023 ወዲህ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። የእናቴ ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። በቅርቡ ለተፈናቃዮች መዋጮ ይሰብሰብ ተብሎ ከጄኔቫ ሦስት ሰዓት ለማይሞላ መንገድ ባቡር ተሳፍሬ ዙሪክ ሄድኩ። አርባ ሁለት ሰው ነበርን። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተከራከርነው ገንዘቡ በማን በኩል ይሂድ፣ ማን ይታመናል፣ ማን ከማን ጎን ነው በሚል ነው። ጥያቄው ከንቱ ነው አልልም፤ የተጭበረበረ ያውቀዋል። በመጨረሻ ቅርጫቱ ሲዞር ዝም ብዬ ቆጠርኩ። ያዋጣው አሥራ ሦስት ሰው ነው። እኔ ከአሥራ ሦስቱ ውስጥ አልነበርኩም፤ «መጀመሪያ ኮሚቴው ይጣራ» ካሉት ነበርኩ።

ማታ ወደ ጄኔቫ ስመለስ በርን ላይ ባቡሩ ሲቆም ስልኬን አወጣሁና በትዊንት ሃምሳ ፍራንክ ላክሁ። ከዚያ ወደ ዓለም ከተማ ደወልኩ፤ መስመሩ አልገባልኝም።