ገንዘቡ የእርስዎ፣ በሬው የማን?

ነገሌ ቦረና የከብት ገበያ በዋለ ቀን ባለገንዘቡ አይታይም። የሚታየው ነጋዴው ነው። ባለገንዘቡ አዳማ ወይም ሻሸመኔ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቃል።

ውድ አንባቢዬ፣ ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ከአክስቱ ባል ገንዘብ ተቀብሎ በሬ ገዛና አዳማ ላሉት ማድለቢያዎች ጫነ። ሦስቱ መንገድ ላይ ሞቱ። «ሸጦ በላቸው እንጂ ምን ሞቱ!» አሉ ሰውየው። ይኸው ዛሬ ለቅሶ ቤት እንኳ አይገናኙም። እኔ ልጁን አምነዋለሁ። ግን የእኔ ማመን ምን ይረባዋል? በእጁ አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም።

«ከዘመድ ጋር ውል መጻፍ ነውር ነው» ይባላል። ሰውየውስ ቢሆኑ ብድር ነው ብለው ቢከሱ ምን ይዘው ነው? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ ያበደረ ሰው ጽሑፍ ከሌለው፣ የሚያዋጣው ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን ወይም መሐላ ሲኖር ብቻ ነው። (በ500 ብር ዛሬ ፍየል ይገዛል እንዴ?)

ቦረናዎች በዚህ ይበልጡናል። በዳበሬ ልማዳቸው ላም ለሌለው ላም ያውሱታል፤ ወተቱ የተዋሰው፣ ጥጃው የባለቤቱ። ይህ ሁሉ ላሟ ሳትነዳ የታወቀ ነው።

እርስዎም አስቀድመው ይነጋገሩ። ብድር ነው ሽርክና? ብድር ከሆነ በሬው ቢሞትም ዕዳው አለ። ሽርክና ከሆነ የሞተው ከማን ይቀነሳል? የደላላውስ፣ የመኪናውስ? ገንዘቡን ባንዴ አይስጡ፤ የመጀመሪያው ጭነት ተሸጦ ሒሳቡ ሲታይ ይጨምሩ።

አንተም ነጋዴው፣ ከብት ሲሞትብህ እዚያው ቆመህ ደውል፤ የሹፌሩንም የረዳቱንም ስም ያዝ።