በታይታ ተራራ አፈር ውስጥ ስለሚኖር እግር የለሽ እንስሳ

በኬንያ አገር በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ደረቁ የጻቮ ሜዳ ከብቦት፣ የታይታ ተራራ ይነሣል። ከፍታው ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ ከባሕር የሚመጣው ጉም ስለሚያረጥበውም ጥቂት የጥንት ደን በራሱ ላይ ቀርቶለታል። በዚህ ደን አፈር ውስጥ፣ ደግሞም በአጠገቡ ባለው እርሻ፣ ቡለንጀሩላ ታይታና የሚባል እንስሳ ይኖራል። ከዚህ ተራራ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም።

ያየው ሰው ትልቅ የምድር ትል ወይም ትንሽ እባብ ይመስለዋል። ነገር ግን አጥንት ስላለው ከትል ይለያል፤ ቆዳው ለስላሳና እርጥብ ስለ ሆነም ከእባብ ይለያል። ወገኑ ከእንቍራሪት ጋራ ነው። እግር የለውም፤ ዓይኑም በአጥንት ተሸፍኗል፤ በጨለማ የሚመራው በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ባለች ትንሽ መዳሰሻ ነው። ራሱ ጠንካራ ስለ ሆነ እንደ ዶማ አፈሩን እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ ምግቡም የምድር ትልና ምስጥ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የልጆቹ አስተዳደግ ነው። እናቲቱ በአፈር ውስጥ እንቍላል ጥላ፣ ተጠምጥማበት ትጠብቃለች። ልጆቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ምግብ ከውጭ አታመጣላቸውም፤ የገዛ ቆዳዋ የላይኛው ሽፋን ይወፍራል፣ በስብም ይሞላል፤ ልጆቹም ለዚሁ ሥራ በተበጁ ጥርሶች ያንን እየላጡ ይበላሉ። እርሷ ዝም ብላ ትተኛለች፤ የተላጠውም እንደ ገና ይተካል። ይህ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ዓመት በሊቃውንት መጽሔት ታተመ። በተደረገው ምርመራ በአንድ ሳምንት ውስጥ የልጆቹ ርዝመት ከመቶ 11 እጅ ሲጨምር፣ የእናቶቹ ክብደት ከመቶ 14 እጅ ያህል ቀነሰ። ጡት የሌላት እናት ከዚህ በላይ ምን ልትሰጥ ትችላለች!

ከዋናው ተራራ ተለይቶ በቮይ ከተማ አጠገብ በቆመው በሳጋላ ኮረብታ ደግሞ ሌላ ዘመዱ ይኖራል፤ ስም የተሰጠው በ2005 ዓመት ነው። የዚህኛው ኑሮ ይበልጥ የጠበበ ነው፤ ያለው አንድ ኮረብታ ብቻ ነውና። የአገሩ ዛፍ ተቈርጦ ባሕር ዛፍ በተተከለበት ቦታ አፈሩ ይደርቃል። እርጥበት ሲጠፋ በቆዳው የሚተነፍስ እንስሳ መኖር አይችልም፤ ወደ ሌላ ተራራ እንዳይሻገርም የቆላው ድርቀት ይከለክለዋል። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚጠቅም ስለ ሆነ የተከለውን ገበሬ መውቀስ አይገባም፤ ነገር ግን በምንጭና በወንዝ ዳር የአገር ዛፍ ቢመለስ ለእንስሳውም ለውኃውም ይበጃል።

በኢትዮጵያም በደቡብ ምዕራብ ባለው ደን የዚሁ ወገን የሆነ አንድ እንስሳ አለ፤ በ1970 ዓመት ስም የተሰጠው ሲሆን ከኢትዮጵያ ውጭ አልተገኘም። በዚያ አገር ያሉ መምህራን፣ እርሻ ሲቈፈር እንዲህ ያለ ነገር ቢወጣ ልጆቹ ቸኵለው እንዳይገድሉት ይንገሯቸው። እባብ ሊሆን ስለሚችል በእጅ አይነካም፤ ከሩቅ ሆኖ ግን ሰውነቱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት በመሰለ መስመር የተከፋፈለ፣ ቅርፊት የማይታይበትና ጅራቱ የማይለይ መሆኑን መመልከት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በአካፋ እርጥብ አፈር መልሶ ማልበስ ነው።