ሚሊዮን ዶላር በአንድ መንጠቆ
በካቦ ሳን ሉካስ የጥቅምት ፍልሚያ ከዓሣው ይልቅ ሕጉና ሚዛኑ ያስጨንቃሉ

ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አጥቅቶ አንድም ጎል ሳያገባ የሚወጣ ቡድን ደጋፊውን ያበሽቃል። ሜክሲኮ ውስጥ ካቦ ሳን ሉካስ በምትባለው የባህር ዳርቻ ከተማ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ለፍቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ቡድን ብርቅ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው የሚመለሰው እንደዚያ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ጀልባዎች ሞተራቸውን አስነስተው ከወደቡ አፍ ላይ ይሰለፋሉ። የመነሻው ምልክት ሲሰጥ ሁሉም በአንዴ ይፈተለካሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክብደቱ ከ300 ፓውንድ፣ ማለትም ከ136 ኪሎ የማያንስ ማርሊን።

ውድድሩ ቢዝቢስ ብላክ ኤንድ ብሉ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከጥቁሩና ከሰማያዊው ማርሊን ነው። ቦብ ቢዝቢ የተባለው ሰው በ1981 ሲጀምረው (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወዳደሩት ስድስት ጀልባዎች፣ ሽልማቱም 10 ሺህ ዶላር ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ለአሸናፊዎች የተከፈለው ገንዘብ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። አብዛኛው ደግሞ የገባው በአንድ ጀልባ እጅ ነው።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ነገሩ ወዲህ ነው። እያንዳንዱ ጀልባ ከመመዝገቢያው ሌላ በየቀኑ ለሚወጣው ሽልማት አቅሙ የፈቀደውን ያህል ያስይዛል። በዕለቱ 136 ኪሎ የሞላ ዓሣ ያመጣ ካልተገኘ የዚያ ቀን ገንዘብ ለነገ ይተላለፋል። ነገም ካልተገኘ ለከነገ ወዲያ። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ትልቅ ዓሣ ይዞ የሚገባ ጀልባ የሦስቱንም ቀን ጠራርጎ የሚወስድበት ጊዜ አለ። ሻምፒዮናው በመጨረሻው ጨዋታ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ተወሰነ እንደማለት ነው።

ለምን ጥቅምት?

ካቦ ሳን ሉካስ የምትገኘው ባሃ ካሊፎርኒያ የሚባለው ረጅም ልሳነ ምድር ጫፍ ላይ ነው። በምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በምሥራቅ የኮርቴዝ ባህር ይዋሰኗታል፤ ሁለቱ ውኃዎች የሚገናኙት ከከተማዋ ደጃፍ ነው። ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ሲያንገረግበው የከረመው ባህር በመስከረምና በጥቅምት ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሰማያዊውና ጥቁሩ ማርሊን ደግሞ ይህንን ሙቀት እየተከተሉ የሚጓዙ ዓሣዎች ናቸው። ቢጫ ክንፉ ቱናና ወርቅማ አረንጓዴው ዶራዶም አብረው ይመጣሉ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ትልልቆቹም ማርሊኖች ሞቃቱን ውኃ ፍለጋ ይሄዳሉ። በእነሱ ምትክ በሰውነት አነስ የሚለው ባለ መስመሩ ማርሊን የትንንሽ ዓሣ መንጋ እያሳደደ በስተሰሜን፣ በማግዳሌና የባህር ወሽመጥ አቅጣጫ ይሰበሰባል። እሱም ቢሆን ለአጥማጅ ደስታ ነው፤ 136 ኪሎ ሚዛን ላይ ለማንሳት ለቋመጠ ሰው ግን አይሆንም። ስለዚህ ለትልቁ ዓሣ በሩ ክፍት የሚሆነው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

ችግሩ ያው ማርሊንን የሚጠራው ሙቅ ውኃ አውሎ ነፋስንም የሚመግብ መሆኑ ነው። የምሥራቅ ሰላማዊ ውቅያኖስ የአውሎ ነፋስ ወቅት እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ይዘልቃል። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2014 ሌሊት ኦዲል የተባለው አውሎ ነፋስ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ጉልበት ካቦ ሳን ሉካስ አጠገብ ወደ የብስ ገባ። መብራት ጠፋ፣ ሆቴሎች ፈራረሱ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቱሪስቶችም በልዩ በረራ ከከተማዋ ወጡ። የዚያን ዓመት ውድድር አበቃለት ያልተባለበት ቦታ አልነበረም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን ጀልባዎቹ እንደ ልማዳቸው ተሰለፉ። ከተማዋ የምትኖረው በእንግዳና በዓሣ ነውና ዝም ብሎ መቀመጥ አላዋጣም።

ካፒቴኑ የሚያየው

ከባህር ማዶ ለሚያይ ሰው ባህር ሁሉ አንድ ነው። ለካፒቴኑ ግን ባህር እንደ ሜዳ መስመር አለው። ከመነሳቱ በፊት ከሳተላይት የሚገኘውን የሙቀት ካርታ ያያል። የሚፈልገው ሙቁና ጥርት ያለው ሰማያዊ ውኃ ከቀዝቃዛውና ወደ አረንጓዴ ከሚያደላው ውኃ ጋር የሚነካካበትን ጠርዝ ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ የባህር ሣርና ስብርባሪ ይከማቻል፤ በጥላው ሥር ትንንሽ ዓሣ ይጠለላል፤ ትንሹን ቱናው፣ ቱናውን ማርሊኑ ይከተላል።

ሁለተኛው ፍንጭ ከውኃው በታች ያለው ተራራ ነው። በሳን ሆሴ ዴል ካቦ በኩል ያለው ጎርዶ ባንክ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ያሉት ሃይሜና ጎልደን ጌት የሚባሉት ከባህሩ ወለል ተነስተው ወደ ላይ የሚወጡ ጉብታዎች ናቸው። ጅረቱ ከጉብታው ጋር ሲላተም ከታች ያለውን ቀዝቃዛና ምግብ ያዘለ ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ገበያው የሚደራው እዚያ ነው። ሦስተኛው ፍንጭ ወፍ ነው። ክንፈ ረጅሙ የባህር ወፍ አንድ ቦታ ላይ እየዞረ ዝቅ ካለ ከሥሩ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ሁለት ዓይነት ታክቲክ አለ። አንደኛው ከጀልባው ኋላ አራት አምስት የሚያብረቀርቁ ማታለያዎችን እየጎተቱ በሰዓት ከ13 እስከ 17 ኪሎ ሜትር መሮጥ ነው። ብዙ ባህር ያካልላል። ሁለተኛው ትንሽ ቱና ከነሕይወቱ መንጠቆ ላይ አድርጎ ጉብታው አናት ላይ ቀስ እያሉ መዞር ነው። አንደኛው ክፍት አጨዋወት ነው፤ ሁለተኛው ቦታ ይዞ አድብቶ መጠበቅ። የትኛው እንደሚያዋጣ ካፒቴኖቹ ዓመቱን ሙሉ ሲከራከሩበት የሚከርሙት ጉዳይ ነው።

ይህ ባህር ጉድ የሚያወጣውም በማርሊን ብቻ አይደለም። በሴፕቴምበር 2012 ከካቦ ሳን ሉካስ የወጣ አንድ ቢጫ ክንፍ ቱና 427 ፓውንድ፣ ማለትም ከ193 ኪሎ በላይ መዝኖ በዝርያው የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል።

ዳኛው የማይታይ ጨዋታ

ማርሊን ሲነክስ ክሩ ከመጠምጠሚያው ላይ እየጮኸ ይወጣል። በአጭር ጊዜ ውስጥ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሜትር ይሄዳል። ከዚያ ዓሣው ከውኃው ይዘላል፣ ራሱን ያራግፋል፣ ወይም ቁልቁል ወደ ጥልቁ ይወርዳል። አጥማጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዘንጉን ይታገላል። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ስድስት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል።

ሕጉ የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ዓሣ ማጥመድን በሕግ ያሰረው በ1939 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የዓሣ ማጥመድ ስፖርት ማኅበር፣ አይ.ጂ.ኤፍ.ኤ ነው። በማኅበሩ ሕግ መሠረት ዓሣው ከነከሰ ጀምሮ ዘንጉን፣ መጠምጠሚያውንና ክሩን መንካት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጓደኛው አዝኖለት ዘንጉን ደገፍ ቢያደርግለት አበቃ፤ ዓሣው አይቆጠርም። ረዳቶቹ እጃቸውን የሚያስገቡት ዓሣው ቀርቦ መጨረሻ ላይ ያለው ጠንካራው ክር ሲደረስበት ነው። ሌላም ሕግ አለ፤ ሻርክ ወይም ሌላ እንስሳ ነክሶ ሥጋውን የጎዳው ዓሣ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ፈገግ የሚሉበት ነገር አለ። ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1952 ባሳተመው «ሽማግሌውና ባህሩ» ላይ ያን ትልቅ ማርሊን በሴፕቴምበር ባህር ይዞ በሻርክ የተነጠቀው ሽማግሌ በማኅበሩ ሕግ ቢዳኝ ነጥብ አያገኝም ነበር። ያጠመደው ያለ ዘንግ፣ በእጅ ክር ነው፤ ዓሣውንም ሻርክ በልቶታል። ሄሚንግዌይ ራሱ ደግሞ የዚሁ ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር!

ነገሩ ቀልድ የማይሆነው ገንዘብ ሲኖርበት ነው። ከካቦ ወጥተን ወደ አሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና ብንሻገር፣ ቢግ ሮክ በተባለው የሰኔ ውድድር የደረሰው ሁሉም የማርሊን ካፒቴን የሚያውቀው ታሪክ ነው። በ2023 ሴንሴሽን የተባለ ጀልባ በመጨረሻው ቀን ከስድስት ሰዓት በላይ ታግሎ 619.4 ፓውንድ የመዘነ ሰማያዊ ማርሊን ይዞ ገባ። ሕዝቡ ጨፈረ። ዳኞቹ ግን ዓሣው ላይ የሻርክ ንክሻ አገኙ። ባለሙያዎችን አማክረው ሰረዙት። ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አመለጠ፤ አንደኝነቱም 484.5 ፓውንድ ላመጣው ሱሺ ለተባለው ጀልባ ሆነ። የጎል መስመሩን ያለፈ ኳስ እንደተሻረ ቁጠሩት፤ ለዚያውም በዋንጫ ጨዋታ።

የ2010ሩ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሳይቴሽን የተባለው ጀልባ 883 ፓውንድ የሆነ ማርሊን አመጣ። ዓሣው ደህና ነበር፤ ትግሉም ንጹሕ ነበር። ከረዳቶቹ አንዱ ግን ዓሣው በተያዘበት ሰዓት በጥቂት ዶላር የሚገኘውን የማጥመጃ ፈቃድ አላወጣም ነበር። ውጤቱ ተሰረዘ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋው ዶላርም ቀረ። ኳስ ተመልካቹ ቴሴራ የሌለው ተጫዋች ያሰለፈ ቡድን በፎርፌ ሲሸነፍ አይቷልና ለእሱ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ካቦ ላይም ጥንቃቄው የጠበቀ ነው። ያሸነፈ ሁሉ ቼኩን ከመቀበሉ በፊት የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ፊት ይቀመጣል። ባህሩ ላይ ጀልባው ብቻውን ስለሆነ የመስመር ዳኛ የለም፤ ያለው ያ መሣሪያ ነው። ይህ ሁሉ ማጋነን የሚመስለው ሰው ካለ በ2022 አሜሪካ ውስጥ በኤሪ ሐይቅ የተካሄደውን ውድድር ማስታወስ ይበቃዋል። እዚያ የአሸናፊዎቹ ዓሣዎች ሆድ ሲቀደድ የእርሳስ ብረት ድብልብሎች ዱብ ዱብ ብለው ወጥተዋል።

ከጀልባው ጎን ያለችው ማርሊን

የዚህ ስፖርት ትልቁ ጥያቄ ግን ማጭበርበር አይደለም። ዓሣዋ ናት። «ናት» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ወንዱ ሰማያዊ ማርሊን ብዙ አይገዝፍም፤ ከ150 ኪሎ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ኪሎ የሚደርሱት ሴቶቹ ናቸው። ስለዚህ ውድድሩ 136 ኪሎና ከዚያ በላይ ሲል፣ ሳይናገር የሚጠራው በአብዛኛው እንቁላል የምትጥለዋን ሴት ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2011 ሰማያዊውን ማርሊን ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እርግጥ ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሰው የስፖርት አጥማጁ አይደለም፤ ቱና ለመያዝ በብዙ ኪሎ ሜትር ክር ላይ ሺህ መንጠቆ የሚዘረጋው የንግድ መርከብ ነው። ሜክሲኮ ይህን በማየት ከባህር ዳርቻዋ እስከ 50 የባህር ማይል ባለው ክልል ማርሊንና ዶራዶን ለስፖርት ዓሣ ማጥመድ ብቻ ከልላለች።

ያም ሆኖ የስፖርት አጥማጁም ከጥያቄው አያመልጥም። ዛሬ በእነዚህ ውድድሮች ላይ የሚያዘው አብዛኛው ማርሊን ተመልሶ ይለቀቃል፤ ለቅቆ ነጥብ የሚሰበሰብበት ምድብም አለ። የተፈጥሮ ማጥመጃ ምግብ የሚጠቀሙ ብዙዎች ሆድ ውስጥ ገብቶ የማይወጋ፣ የአፍ ጥግ ብቻ የሚይዝ ክብ መንጠቆ ይጠቀማሉ። እንዲህ የተያዘች ማርሊን ስትለቀቅ የመትረፍ ዕድሏ ይጨምራል።

የካፒቴኑ ጭንቀት እዚህ ላይ ይመጣል። ከሁለት ሰዓት ትግል በኋላ ማርሊኗ ከጀልባው ጎን ትደርሳለች። ረዳቱ ሜንጦውን ይዞ ትእዛዝ ይጠብቃል። ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ ርዝመቷን፣ የትከሻዋን ውፍረት በዓይኑ ይለካል። 130 ኪሎ ናት ወይስ 140? ለመወሰን ያለው ጊዜ ሰከንዶች ነው። ከለቀቃትና 140 ከነበረች ሚሊዮኖች ዶላር እያየ ዋኝተው ሄዱ። ከወጋትና 130 ከሆነች ደግሞ አንድ ትልቅ ዓሣ በከንቱ ሞተች፤ ገንዘቡም የለም። ኳስ ዳኛ እንኳ ዛሬ ቪዲዮ ደግሞ የሚያይበት ዕድል አለው። ካፒቴኑ የለውም።

አመሻሹ ላይ ወደቡ በሰው ይሞላል። በሬዲዮ «እገሌ ጀልባ ትልቅ ዓሣ ይዞ እየመጣ ነው» የሚለው ወሬ አስቀድሞ ደርሷል። ዓሣዋ በጭራዋ ታስራ ወደ ላይ ስትጎተት ጫጫታው ቀስ እያለ ይረግባል፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ሚዛኑ ቁጥር ያቀናል። ቁጥሩ ሲቆም ወይ ጩኸት ይፈነዳል፣ ወይ ካፒቴኑ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ይጠርጋል። የቀሩት ጀልባዎች ሠራተኞች ግን ቆመው አያዩም፤ መንጠቆ እየሳሉ፣ ክር እየቀየሩ ነው። ነገ ጠዋት ሰልፉ ይቀጥላላ።