አንድ ዜማ በብዙ እጅ

ዜማ በወረቀት ላይ ተጽፎ ሲታይ አንድ ነው፤ በሰው እጅ ሲገባ ግን እንደ አገሩ ልማድና እንደ መቺው ጠባይ መልኩ ይለወጣል። ለዚህም ምስክር የሚሆነን በአየርላንድ «አየርላንዳዊቱ ልብስ አጣቢ» የሚባለው የታወቀ ዜማ ነው። ወገኑ ጂግ ይባላል፤ ይኸውም እግር ለማንሣት የተሠራ የጭፈራ ዜማ ማለት ነው።

የጂግ ድምፆች ሦስት ሦስት ሆነው ይቈጠራሉ። በጽሕፈት ሦስቱ እኩል ናቸው፤ ዐዋቂ ግን የፊተኛውን ጥቂት ያስረዝማል፥ የመካከለኛውን ያሳጥራል። ይህን ያልለየ ሰው አንድ ድምፅ ሳይስት ቢመታም እንኳ ጨዋታው ይደርቅበታል።

ቫዮሊን እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ነውና የአገር ልዩነት በደጋኑ አካሄድ ይታወቃል። የዶኒጎል ሰዎች ደጋኑን በየድምፁ እየመለሱ፥ ጌጥ ሳያበዙ፥ በብርታት ይመቱታል። የስላይጎ ሰዎች ብዙውን ድምፅ በአንድ ስበት እያያያዙና እያስጌጡ ያፈሱታል። በምሥራቅ ክሌር ግን ዝግ ብለው በትካዜ መንፈስ ይጫወቱታል።

ዋሽንት ነፊ ትንፋሽ ለመውሰድ አንዱን ድምፅ ይተዋል፤ የተወውም ድምፅ እንደ ጌጥ ይቈጠርለታል። ኢለን የተባለው የከረጢት መሣሪያ ግን አየሩን በክንድ ሥር ከሚታቀፍ ወናፍ ስለሚያገኝ ድምፁ ሳይቋረጥ ይዘልቃል፤ ነፊው ሊቈርጠው ሲፈልግ የዜማውን ቧንቧ ጫፍ በጕልበቱ ላይ ይገጥመዋል። ፍጥነቱም እንደ ጨፋሪው ነው፤ ለስላሳ ጫማ ላደረገ ይፈጥኑለታል፥ ጠንካራ ጫማ ላደረገ ግን እግሩ ወለሉን ደጋግሞ እንዲመታ ይዘገዩለታል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ልዩነት ብርቱ ፈተና ደርሶበት ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። ማይክል ኮልማን የሚባል የስላይጎ ተወላጅ በ1914 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ዮርክ ጨዋታውን በሸክላ አስቀረጸ። ሸክላው ወደ አየርላንድ በደረሰ ጊዜ ብዙ ወጣቶች በጥበቡ ተደንቀው የእርሱን እጅ ይከተሉ ጀመር፤ የመንደራቸውም አመታት እየተረሳ ሄደ። በ1935 ደግሞ ያለ ፈቃድ ሕዝብ ሰብስቦ ማስጨፈርን የሚከለክል ሕግ ስለ ወጣ፥ ልጅ ከአባቱ የሚማርበት የየቤቱ የማታ ጨዋታ ቀነሰ።

አስቀድሞ ፍራንሲስ ኦኒል የሚባል የቺካጎ ፖሊስ አለቃ የነበረ አየርላንዳዊ በ1903 1,850 ዜማዎች ሰብስቦ አሳትሞ ነበር። ይህ ታላቅ ውለታ ነው፤ ሆኖም መጽሐፍ ዜማውን ይጠብቃል እንጂ የእጁን አመል ሊይዝ አይችልም። ይህንንም የሚያስተምር ሰው ብቻ ነው። የኢለን ነፊዎች በ1968 ማኅበር አቁመው ወጣቶችን ስላስተማሩ፥ ጥበባቸው በ2017 በዩኔስኮ መዝገብ ለመግባት በቃ።

እንግዲህ ልጆቻችሁን ጨዋታ የምታስተምሩ ወላጆች ሆይ፥ የሩቁን ጥበበኛ ማድነቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ አስቀድሞ በአጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ እጅ አይቶ ይማር። ሸክላው ነገም ይገኛል፤ ሽማግሌው ግን አይቈዩም።