ስለ ተዳፋት አገር አሠፋፈርና ስለ መሬት ናዳ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ በምትባለው ቀበሌ ከብርቱ ዝናብ የተነሣ ተራራው ተንዶ የጥቂት ቤተ ሰቦችን ቤት ከነሰዎቹ በጭቃ ደፈነው። ጎረቤቱም እንደ አገሩ ልማድ እሪታውን ሰምቶ እየሮጠ ደርሶ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍር፣ ከላይ የቀረው አፈር ሁለተኛ ጊዜ ተንዶ ሊረዳ በመጣው ሕዝብ ላይ ወረደበት። ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹም ወገናቸውን ለማዳን የመጡ ነበሩ። ከሟቾቹ መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የእርሻ ሠራተኞች ይገኙባቸዋል። ስለዚህ ነገሩ ለባላገሩ ብቻ ሳይሆን ለሹሙም የራሱ ጉዳይ ነው።

ተራራ የሚናደው በውሃ ነው። በዐለት ላይ የተኛው ወፍራም አፈር ብዙ ዝናብ በጠጣ ጊዜ ክብደቱ ይጨምራል፤ እርስ በርሱ የተያያዘበትም ኀይል ይላላል፤ በመጨረሻም ከዐለቱ ለቆ ይንሸራተታል። ነገር ግን ዝናቡ የሚፈጽመውን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሰው ነው። ለቤት መሥሪያ ሲባል የተዳፋቱ ግርጌ ተቆርጦ ሲደለደል ከላይ ያለው አፈር መደገፊያውን ያጣል። መንገድ ሲጠረግም የቦዩ ውሃ ወደ ወንዝ ሳይመራ በጐኑ ላይ ከተለቀቀ ጉዳቱ ያው ነው። ዛፍ የተቆረጠ እንደ ሆነ ግን ሥሩ ለጥቂት ዓመታት አፈሩን ይዞ ይቈያልና አደጋው የሚመጣው ሥሩ ሲበሰብስ፣ ማን እንደ ቆረጠውም በተረሳ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እርከን አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ተዳፋት በታየበት ስፍራ ሁሉ እርከንና የውሃ መያዣ ጕድጓድ ይሠራ ብሎ ማዘዝ የተለመደ ነው። ዝናብ በሚያንስበት፣ አፈሩም ስስ በሆነበት አገር ትእዛዙ መልካም ነው። ዝናብ በሚበዛበት፣ አፈሩም ወፍራምና ርጥብ በሆነበት ተዳፋት ላይ ግን መውጫ የሌለው ጕድጓድ መቆፈር ውሃን ወደ ተራራው ሆድ መጨመር ይሆናል። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረውና በ2003 ዓመተ ምሕረት በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የድንጋይ ካብ የሚመሰገነው አፈርንና ውሃን ስለሚይዝ ብቻ አይደለም፤ ትርፉን ውሃ ደግሞ አሳልፎ ስለሚለቅ ነው። ሰፈራቸውንም የሠሩት በኮረብታ ራስና በከፍታ ሜዳ ላይ ነው። ቦታውን የመረጡት ለጠላት መከላከያ ቢሆንም ከተራራ ግርጌ መራቅንም አብረው አገኙ።

ናዳ አስቀድሞ ምልክት ሳያሳይ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ያሳያል። ከሰፈሩ በላይ ያለው መሬት ይሰነጠቃል፤ ዛፍና አጥር ያዘነብላሉ፤ የቤት በር አልዘጋ ይላል፤ ምንጭ ይደፈርሳል ወይም ባልነበረበት ይፈልቃል። ዝናብ እየዘነበ የወንዝ ውሃ በድንገት ሲጐድል ደግሞ ከላይ ናዳ ዘግቶት ይሆናልና ከወንዙ ዳር ያለው ሰው ቶሎ ይነሣ። እነዚህን ሁሉ ከጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚያያቸው የለም፤ እረኛውና ውሃ ቀጂዋ ግን ያዩአቸዋል። ስለዚህ በየሰፈሩ ስንጥቅ ያየ ሰው ለማን እንደሚነግር ክረምት ሳይገባ ይወሰን።

ናዳው ከወረደ በኋላ የሹሙ ከባድ ሥራ ሕዝቡን ከጭቃው ላይ ማራቅ ነው። ወንድሙ የተቀበረበትን ሰው ቁም ማለት ጭካኔ ይመስላል። ቢሆንም ከተዳፋቱ ውጭ ባለ ደኅና ቦታ ላይ ሆኖ ተራራውን የሚመለከትና ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ሳይቆም ቁፋሮ መጀመር የለበትም፤ በተራ የሚገቡትም ጥቂቶች ይሁኑ፤ የቀረው ሕዝብ ራቅ ብሎ ይጠብቅ።

ከጎፋው አደጋ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ማስተባበሪያ ቢሮ ከ15,000 የሚበልጡ ሰዎች ከዚያ አካባቢ መነሣት እንደሚያስፈልጋቸው አስታውቆ ነበር። ተነሡ ማለት ግን ቀላል ነው። ባላገር ተዳፋቱን የማይለቀው አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እንሰቱና ማሳው እዚያ ስለ ሆነ ነው። ቤቱ ወደ ደኅና ቦታ ሲዛወር እርሻው ሳይነጠቅ፣ ጧት ሄዶ ማታ የሚመለስበት ርቀት ላይ ቢሰጠው ይሄዳል። ማሳው ለሌላ ተሰጥቶ ራሱ ወደ ሩቅ አገር ቢላክ ግን ክረምቱ እንዳለፈ ተመልሶ በዚያው ስንጥቅ ሥር ጎጆውን ይቀልሳል።